24 ጥርስ፣ 58 ጥርስ፦ ሞተር መቀየር እንዴት የዘመን ጥያቄ ሆነ

አሮጌ ፒካፕ ላይ ሌላ ሞተር መጫን የሚወዱ አሜሪካውያን አንድ የቆየ እሮሮ አላቸው፦ ድሮ ሞተር መቀየር የቡሎንና የመፍቻ ሥራ ነበር፤ ኮምፒውተርና ሴንሰር ገብተው ሙያውን አበላሹት ይላሉ። እሮሮው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ1978 የተሠራ ሸቭሮሌ ፒካፕ ላይ የ2005 ሞተር የሚጭን ሰው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሞተሩን ሻንሲው ላይ አሳርፎ ከካምቢዮ ጋር ማሰሩ ብዙም አያስቸግረው ይሆናል። መከራው የሚጀምረው ቁልፉን ሲያዞር ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ወይም ጥቁር ጭስ እየተፋ ይሠራል። ባለቤቱ አንዱን ሴንሰር ይቀይራል፣ ለውጥ የለም፤ ሌላውን ይቀይራል፣ አሁንም ያው ነው። አውጥቶ የጣላቸው ሴንሰሮች ብዙ ጊዜ ምንም ያልሆኑ ጤነኞች ናቸው። የጠፋው ነገር ሌላ ነው፤ የሁለት ዘመን ዕቃዎች አንድ ላይ ታስረው መግባባት አቅቷቸዋል። እያንዳንዱ ሴንሰር ወደ ሞተሩ የገባው በታወቀ ዓመት፣ በአንድ ሕግ ወይም በአንድ የፋብሪካ ውሳኔ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሞተሩ የተቀየረበትን ፒካፕ ችግር መመርመር ከግማሽ በላይ የታሪክ ሥራ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

የቡሎን ዘመን የሚባለውም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ፎርድ በ1932 ተራው ሕዝብ አቅም የሚችለው ቪ8 ሞተር ሲያቀርብ፣ ፍጥነት ወዳድ ወጣቶች ከአሮጌ መኪና እየነቀሉ ቀለል ያለ አካል ላይ ይጭኑት ጀመር። ነገሩን የአገር ልማድ ያደረገው ግን ሸቭሮሌ ነው። በ1955 በኢንጂነሩ በኢድ ኮል መሪነት የወጣው 265 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 4.3 ሊትር ገደማ የሆነው ቪ8፣ ከካምቢዮ ጋር የሚታሰርበት የቀዳዳ አቀማመጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነካ ቀጠለ። በ1967 የመጣው ዝነኛው 350፣ ማለትም 5.7 ሊትሩ፣ በዚያው ቀዳዳ ይታሰራል። ኩባንያው ይህን ያደረገው ለጋራዥ ባለቤት አዝኖ አይደለም። አንድ የማምረቻ መስመርና አንድ ዓይነት ካምቢዮ ለብዙ ሞዴል እንዲያገለግሉለት ፈልጎ ነው። የ1957 ፒካፕ ያለው ሰው በ1975 የተሠራ ሞተር አንስቶ መግጠም የቻለው የዚህ ቁጠባ ፍርፋሪ ደርሶት ነው። ከዚህ ቤተሰብ የተሠሩት ሞተሮች፣ ተከታይ ትውልዶቹን ጨምሮ፣ በ2011 100 ሚሊዮን ሞልተዋል፤ እንዲህ በየቦታው የሚገኝ ሞተር ደግሞ በየቦታው መጫኑ አይቀርም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ያኔም ሞተሩ ይለካ እንደነበረ ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክብደቶች ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ እየተወረወሩ እሳቱን ያስቀድማሉ፤ ይህ የፍጥነት ልኬት ነው። ከጎኑ ያለው የቫኪዩም ክዳን ሞተሩ ምን ያህል እንደተጫነ እየተከተለ እሳቱን ያስተካክላል፤ ይህ የጭነት ልኬት ነው። ካርቡራቶሩም በጉሮሮው የሚያልፈውን አየር ተከትሎ ቤንዚን ይስባል፤ ይህም የአየር ልኬት ነው። ልኬቱ ሁሉ በብረትና በሞላ የሚካሄድ፣ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚነሳና አብሮ የሚጫን ነበር። በሽቦ የሚሠሩት የዘይት ግፊትና የሙቀት መለኪያዎች ሁለቱም የሚናገሩት ክሩስኮቱ ላይ ላለው ቀስት ብቻ ነው። የማይገጥም መለኪያ ቢታሰር የሚሳሳተው ሾፌሩ እንጂ ሞተሩ አልነበረም። ቡሎን ብቻ የበቃው ለዚህ ነው፦ ሞተሩ ስሜቱንም አእምሮውንም ይዞ ነበር የሚጓዘው። ኮምፒውተሩ ያመጣው ለውጥ መለካትን መፍጠር አልነበረም። ስሜቱን ሞተሩ ላይ ትቶ አእምሮውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው፣ በመካከላቸውም ሽቦ ዘረጋ።

ይህን መለያየት ያመጣው የጭስ ሕግ ነው። የ1970 የንጹሕ አየር ሕግ አምራቾች ጭሳቸውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ እንዲቀንሱ ስላስገደዳቸው፣ በ1975 ሞዴል ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት በብዛት ገባ። በኋላ የመጣው ሦስቱንም ዋና ዋና መርዞች የሚያጠፋው ካታሊስት ደግሞ የሚሠራው ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ሲደርሰው ነው፤ ከዚያ ጥቂት ሲያልፍ ሥራው ይዳከማል። ክብደትና ሞላ ይህን ያህል ልቅም ያለ ሒሳብ አይችሉም። ስለዚህ የጭሱን ኦክስጅን እየቀመሰ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት የሚልክ ሴንሰርና እሱን የሚሰማ ኮምፒውተር የግድ ሆኑ። የሸቭሮሌ ባለቤት የሆነው ጄኔራል ሞተርስ በ1981 የቤት መኪናዎቹን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲያስገባ ፒካፖቹ ወደ ኋላ ቀሩ፤ የጭነት መኪና የጭስ ደንብ ላላ ያለ ስለነበረ አብዛኞቹ እስከ 1986 ድረስ በካርቡራቶር ቆዩ፣ በ1987 ሞዴል በኮምፒውተር ወደሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ተሻገሩ። ይህች የጥቂት ዓመታት ክፍተት ዛሬም በየጋራዡ ትታያለች። መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ፒካፕ የ1986 ከሆነ ኮምፒውተሩን የሚያውቅ ሽቦ የለውም፤ የ1987 ከሆነ አለው።

አንዱን ሴንሰር ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ያብራራል። የጄኔራል ሞተርስ ኮምፒውተር የሞተሩን ሙቀት የሚያውቀው ውኃው ውስጥ በተነከረች፣ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ መቋቋሟ በሚቀንስ ትንሽ ዕቃ ነው። በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 9,420 ኦም ገደማ፣ በ20 ዲግሪ 3,520፣ በ100 ዲግሪ 177 ኦም ብቻ ትሆናለች። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልክና የተረፈውን አይቶ ሙቀቱን ያሰላል። ክሩስኮቱ ላይ ላለው ቀስት የሚያገለግለው የድሮው መለኪያ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፣ ቁጥሮቹ ግን ሌላ ናቸው፤ ሽቦውም አንድ ብቻ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ዑደቱን የሚዘጋው በገዛ አካሉ በሞተሩ ብረት በኩል ነው። ጥርሱ በኢንች የተቆረጠ ሾጣጣ የቧንቧ ጥርስ ሲሆን የአዲሱ ሞተር ቀዳዳ 12 ሚሊሜትር ነው። በአዲሱ ሞተር ሴንሰር የድሮውን ቀስት አሠራለሁ የሚል ሰው ቀስቱ ሐሰት ይናገርበታል፤ የድሮውን መለኪያ ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ ደግሞ ኮምፒውተሩን ያሳብደዋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሁለቱን አያስታርቁም፤ ለየብቻ ያኖሯቸዋል። የኮምፒውተሩ ሴንሰር ከፊት በግራው ቴስታታ ላይ ባለበት ይቀራል፤ በቀኙ ቴስታታ ጀርባ በኩል የተደፈነው ቀዳዳ ይከፈትና በአስማሚ የቀስቱ መለኪያ ይገባበታል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ግልጽ ነው፦ ስካነር እያለ ታሪክ ማገላበጥ ምን አመጣው? መሣሪያው ይሰካል፣ ኮዱ ይወጣል፣ የተባለው ዕቃ ይቀየራል። ችግሩ ኮዱ የሚያውቀው የተበጠሰ ሽቦን፣ ከክልሉ የወጣ ቮልትንና እርስ በርሱ የሚጋጭ ንባብን መሆኑ ነው። ሊሆን በሚችል ክልል ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን የተሳሳተ ቁጥርን ብዙ ጊዜ ያምነዋል። 90 ዲግሪ የደረሰን ሞተር 60 ነው ብሎ የሚናገር ሴንሰር ኮምፒውተሩን ቤንዚን እንዲያበዛ ያደርገዋል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ወጪው ይንራል፣ የቼክ ኢንጅን መብራት ግን ላይበራ ይችላል። ኮድ ሲመጣም ጥፋተኛውን አያሳይም። የማንኳኳት ሴንሰር የሚባለው፣ ቤንዚኑ ያለጊዜው ሲፈነዳ የሚሰማው ዕቃ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። የቀድሞዎቹ የጄኔራል ሞተርስ ኮምፒውተሮች የሚጠብቁት ወደ 3,900 ኦም የሚሆን ሴንሰር ነበር፤ ኋላ የመጡት 100,000 ኦም ይፈልጋሉ። መልካቸው ተመሳሳይ ነው፣ ጥርሳቸውም ይገጥማል። አዲሱ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሲታሰር ኮድ 43 ይወጣል፤ ባለቤቱም ሌላ አዲስ የ100,000 ኦም ሴንሰር ገዝቶ ይመጣል፣ ኮዱም ይመለሳል። እዚህ ላይ ያለ ጥፋት ካለ፣ ጥፋቱ ያለው የመለዋወጫ ሱቁ ደብተር ላይ ነው።

የፍጥነት ሴንሰር ከሁሉም ይልቅ የሚናቅና ከሁሉም ይልቅ ግራ የሚያጋባ ነው። በካርቡራቶር ዘመን ኮንታኪሎሜትሩን የሚያዞረው ከካምቢዮ የሚወጣ ካቦ ነበር፤ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም። በ1988 የመጡት አዲስ ቅርጽ ፒካፖች ካቦውን ጥለው የካምቢዮው ጅራት አንዴ ሲዞር 40 ምት የሚልክ ሴንሰር ያዙ። ጎማው በአንድ ማይል 700 ጊዜ የሚዞርና የኋላ ዲፈረንሻሉ 3.42 የሆነ ፒካፕ በአንድ ማይል ከ95,000 በላይ ምት ይልካል ማለት ነው። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ግን የሚፈልገው በማይል 2,000፣ ኮንታኪሎሜትሩ ደግሞ 4,000 ምት ነው። ስለዚህ በመካከል ቁጥሩን የምታካፍል ትንሽ ሣጥን ተቀመጠች፤ ሣጥኗም ለዚያ ፒካፕ ጎማና ዲፈረንሻል የተስተካከለች ነች። ኋላ የመጡት የ1999 ዓመት ኮምፒውተሮች ማካፈሉን ራሳቸው ስለሚሠሩ የሚጠብቁት ያልተነካውን የ40 ምት ድምፅ ነው። አዲሱን ሞተር የጫነ ሰው ይህችን ሣጥን ሳያነሳ ቢተዋት ኮምፒውተሩ ፒካፑ እየተንፏቀቀ ነው ብሎ ያምናል። ምንም ምት ባይደርሰው ደግሞ ቆሟል ብሎ ይደመድማል፤ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ላይ አንስቶ ወደ ትራፊክ መብራት ሲጠጋ ሞተሩ ሊጠፋበት ይችላል። ሰውየውም የአየር መቆጣጠሪያውን ሲያጥብና ሲቀይር ይከርማል። ሞተር ውስጥ የሚፈለግ ጥፋት ካምቢዮ ጅራት ላይ መገኘቱ የመካኒክን ትዕግሥት የሚፈትን ነገር ነው።

የሁሉም ማሳያ ግን የክራንክ ሻፍቱ ሴንሰር ነው፤ የዚህም ታሪክ ከሕግ ይጀምራል። ካሊፎርኒያ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪናው የገዛ ራሱን የጭስ ዕቃዎች እንዲመረምር አስገድዳ ነበር። በ1996 በመላ አገሪቱ የጸናው ሁለተኛው ደንብ ከዚያ አልፎ ሞተሩ አንዲት እሳት ሲስት እንኳ ኮምፒውተሩ እንዲያውቅ አዘዘ። ይህን ለማወቅ የክራንክ ሻፍቱን ፍጥነት በየዲግሪው መከታተል ያስፈልጋል። የድሮው 5.7 ሊትር ሞተር በ1996 የፊት ክዳኑ ላይ አዲስ ሴንሰር ያበቀለው ለዚህ ነው። በ1997 ኮርቬት ላይ፣ በ1999 ደግሞ 4.8፣ 5.3 እና 6.0 ሊትር ሆኖ ፒካፖች ላይ የወጣው አዲስ ትውልድ ዲስትሪቢዩተርን ጨርሶ ጣለ። ክራንክ ሻፍቱ ጀርባ ላይ በብሎኩ ውስጥ 24 ምት የምትሰጥ ጥርሳም ቀለበት ተገጠመች፤ አንዷ ምት 15 ዲግሪ ትሸፍናለች። በ2006 እና በ2007 ኩባንያው ይበልጥ ልቅም ያለ ልኬት ፈልጎ ቀለበቷን በሌላ ተካት፤ 60 ቦታ ተከፍሎ ሁለቱ ጥርሶች ሆን ተብሎ ጎድለውበት 58 ቀሩ፣ አንዱ ጥርስ 6 ዲግሪ ሆነ። የካም ሻፍቱ ሴንሰርም ከብሎኩ ጀርባ ወደ ፊት ክዳን ተዛወረ፤ በአንድ ዙር አንዴ ይናገር የነበረው አራት ጊዜ ይናገር ጀመር። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ ሞተሮች ወንድማማቾች ናቸው፤ ካምቢዮው ከሁለቱም ጋር ይታሰራል። 24 የሚጠብቅ ኮምፒውተር 58 ሲሰማ ግን ክራንክ ሻፍቱ የት እንዳለ ማወቅ አይችልም፣ ስለዚህ እሳትም ቤንዚንም አይሰጥም። ሞተሪኖው ባትሪው እስኪደክም ያዞረዋል። የሚያስቀው ነገር የዚህ ሁሉ ምልክት ከሞተሪኖው ጀርባ ተደብቃ የምትገኘዋ ሴንሰር ቀለም መሆኑ ነው፦ ጥቁር ከሆነች 24፣ ግራጫ ከሆነች 58።

ይህ ቀለም ዓመት ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃም ያስተምራል። በ2007 የድሮው ቅርጽ ፒካፕ «ክላሲክ» ተብሎ ከአዲሱ ጎን ለጎን ይሸጥ ስለነበረ፣ የ2007 ሞተር ነው የሚል ሻጭ ቢምል ቢገዘትም ምንም አልተናገረም። ታሪክ ይጠቅማል ስንል የዓመት ሠንጠረዥ መሸምደድ ማለታችን አይደለም። የሽግግሩን ወሰን ማወቅና በወሰኑ አካባቢ ያለውን ዕቃ በዓይን ማረጋገጥ ማለታችን ነው። የማንኳኳት ሴንሰሮቹም በዚያው ሽግግር ከብሎኩ መሐል ወደ ጎኖቹ ወጥተው ከአንድ ሽቦ ወደ ሁለት ሽቦ ስለተሸጋገሩ፣ ጥርሳሟን ቀለበት አስታርቆ የተነሳ ሰው እንኳ ቀሪ ዕዳ አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ አምራቾቹ ይህን ሁሉ ያደረጉት ሆን ብለው በሩን ለመዝጋት ነው ይላል። ማስረጃው የሌባ መከላከያው ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን ቁልፍ ምልክት ካላገኘ ሞተሩ ተነስቶ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፤ ከሌላ መኪና የመጣ ኮምፒውተር ደግሞ የአዲሱን ፒካፕ ቁልፍ አያውቅም። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም የተሠራው ሌባን አስቦ ነው፣ ሞተር ቀያሪውም ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ማጥፋትን ቶሎ ተማረ። ተቃዋሚዎቹ የማይጠቅሱት ሌላው ወገን ነው። በሩን ዘጋ የሚባለው ሕግ ራሱ ባለ16 ቀዳዳ አንድ ዓይነት መሰኪያና የጋራ ኮዶች በሁሉም ላይ ስለጫነ፣ የማንኛውም መኪና ንባብ በማንኛውም ጋራዥ ይታያል። ካርቡራቶር የሚናገርበት መሰኪያ አልነበረውም። ከ1999 ወዲህ ያለው 5.3 ሊትር የፒካፕ ሞተር በአገሪቱ ከሚጫኑት ተወዳጆች አንዱ የሆነው በርካሽ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ተነብቦና ተስተካክሎ የሚታወቅ በመሆኑም ነው።

ከሴንሰር ለመሸሽ ወደ ናፍታ የሚሄዱም አሉ። ዶጅ ፒካፕ ላይ በ1989 መጫን የጀመረው የከሚንስ 5.9 ሊትር ሞተር እስከ 1998 ድረስ በሜካኒካል ፖምፓ ይሠራ ነበር፤ ለመሥራት የነዳጅ መዝጊያዋን የምትከፍት አንዲት ሽቦ ትበቃዋለች። ይህን መልስ ማክበር ይገባል፤ የቡሎኑን ዘመን ሳይነካ ያቆየ ሞተር ነው። ግን ሽሽቱ እስከ ካምቢዮ ድረስ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1991 እና በ1993 ያወጣቸው አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ማርሽ የሚቀይሩት በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተረገጠና ሞተሩ በደቂቃ ስንት እንደሚዞር ይጠይቃል። ሜካኒካሉ ናፍታ ይህን የሚመልስበት አፍ ስለሌለው፣ ባለቤቱ ሴንሰር ገዝቶ ይለጥፍለታል፤ ወይም የእጅ ካምቢዮ ፈልጎ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ይኖራል። ሦስተኛው መውጫ ደግሞ ፋብሪካው ያልሠራው፣ ለማንኛውም ሞተር ተብሎ የሚሸጥ ኮምፒውተር ነው። እሱም ሲታሰር ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎቹ አንዱ ጥርሱ ስንት ነው የሚል ነው።

ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የጃፓን ሞተር የሚገዛ ሰውም ሞተሩ ከነሽቦውና ከነኮምፒውተሩ መሆኑን፣ ከየትኛው ዓመት መኪና እንደተነሳም ቢጠይቅ ያዋጣዋል። አሜሪካ ላይ ግን ጥያቄውን የሚጠይቀው መንግሥትም ነው። በካሊፎርኒያ የሚጫነው ሞተር ዓመት ከመኪናው ዓመት ማነስ የለበትም፤ ኦክስጅን ሴንሰሮቹና ካታሊስቱም ሞተሩ ከተነሳበት መኪና ጋር የሚስማሙ መሆን አለባቸው። ፒካፑ የቤንዚን ሆኖ የ1975 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ከጭስ ምርመራው ነፃ ነው። የ1976 ከሆነ ግን ባለቤቱ ለመንግሥት መርማሪ ቦኔቱን ይከፍታል፤ መርማሪውም ሞተሩ የመጣበትን ዓመት ዕቃዎች አንድ በአንድ እያየ ይቆጥራል።